በኢዮጴ ወደብ የፈረሰው ሰፈራ፦ የአንድ የሃይማኖት ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል መርከብ የተሳፈረባት፣ ጣቢታ ከሞት የተነሣችባት፣ ሐዋርያው ጴጥሮስ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት የተቀመጠባት ኢዮጴ ዛሬ ጃፋ ወይም ያፎ ተብላ የቴል አቪቭ ከተማ አካል ሆናለች። በዚህች ወደብ መስከረም 22 ቀን 1866 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1859 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካ ሜይን ግዛት የተነሡ 157 ሰዎች ከነልጆቻቸው፣ ከነእርሻ መሣሪያቸውና ከነቤታቸው እንጨት ወረዱ። የመጡት ለጉብኝት ወይም ለመሳለም ሳይሆን ለመኖር ነበር። አንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ብዙዎቹ ሞተዋል ወይም ተመልሰዋል። የቀሩትም ማኅበር መሆናቸው ቀርቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ኑሮ ይገፋ ነበር።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር «አንድ አታላይ ሰባኪ አሳታቸው» ተብሎ የሚታለፍ መሆኑ ነው። መታለላቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአገራቸው መርከብ የሚሠሩ፣ ዋጋ የሚከራከሩ፣ ውል የሚዋዋሉ ጠንቃቃ ሰዎች እንዴት ሊታለሉ እንደቻሉ ካልተመረመረ ከታሪኩ የሚወሰድ ነገር አይኖርም። በሃይማኖት ስም ተሰባስቦ መሬት መግዛት፣ ሕንፃ መሥራት፣ አንዳንዴም ከነቤተሰብ አገር መልቀቅ ዛሬም ያለ ነገር ስለሆነ ዝርዝሩን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስማቸው በታሪክ መዝገብ የታወቀውን ጥቂት ሰዎች በስም እጠራለሁ። ሰፋሪዎቹን፣ እንዲሁም በጉዳዩ የገቡትን ቆንስሎችና ነጋዴዎች ግን በሥራቸው ብቻ እጠቅሳለሁ።

መነሻው

ሰፋሪዎቹ የተውጣጡት ጆንስፖርትና አዲሰን ከተባሉት፣ እንዲሁም በአቅራቢያቸው ካሉ የአትላንቲክ ዳርቻ መንደሮች ነው። ኑሯቸው ዓሣ ማስገር፣ እንጨት መሰንጠቅ፣ መርከብ መሥራትና በድንጋያማ መሬት ላይ የሚካሄድ አነስተኛ እርሻ ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት ያበቃው በ1865 እ.ኤ.አ. በመሆኑ አገሩ ገና ከሐዘኑ አልወጣም ነበር። ከሚሸጡት ነገር እንደምንረዳው ብዙዎቹ የነጡ ድሆች አልነበሩም። ቤት፣ መሬት፣ ከብትና የሥራ መሣሪያ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚጀምሩ ሰዎች የሚያጡት የሌላቸው ናቸው ብለን ስለምናስብ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ የሚያጡት ነበራቸው፤ የነበራቸውንም ሸጠው ሄዱ።

መሪያቸው ጆርጅ አዳምስ በኒው ጀርሲ የተወለደ፣ በወጣትነቱ በቴአትር መድረክ ላይ የሠራ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። በ1840 እ.ኤ.አ. የሞርሞንን እምነት ተቀብሎ በአሜሪካና በእንግሊዝ ሰበከ። በኋላ ከዋናው ቡድን ተለይቶ በሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው ቢቨር ደሴት ከሰፈረው አንጃ ጋር ሄደ። የአንጃው መሪ ጄምስ ስትራንግ በ1850 እ.ኤ.አ. ራሱን ንጉሥ ሲያሰኝ ዘውዱን የደፋለት ይኸው አዳምስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከዚያም ተባረረ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ «የመሲሑ ቤተ ክርስቲያን» የሚል የራሱን ማኅበር አቋቁሞ ወደ ሜይን መጣ። ይህ ሁሉ በአደባባይ የተፈጸመና ጋዜጦች የጻፉት ነገር እንጂ የተሰወረ ምሥጢር አልነበረም።

ትምህርቱ ቀላልና ልብ የሚነካ ነበር። አይሁድ ወደ ቅድስት ምድር የሚመለሱበት ዘመን ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የጌታ ዳግም ምጽአት ይሆናል፤ የእኛ ድርሻ ቀድመን ሄደን መሬቱን ማልማት፣ የሚመለሱትንም ዘመናዊ እርሻና የእጅ ሥራ ማስተማር ነው የሚል ነበር። አይሁድን ክርስቲያን ለማድረግ የታሰበ ተልእኮ አልነበረም። ለአንድ የሜይን ገበሬ ይህ ትምህርት ትልቅ ክብር ነበረው። ማረሻውና መጋዙ የእግዚአብሔር ሥራ መሣሪያ ሆኑለትና። በዚህ እምነት ማንም እንዲስቅባቸው አልፈልግም፤ በቅን ልብ ያመኑት ነገር ነበር።

ዕቅዱ እንዴት ተሠራ

በ1865 እ.ኤ.አ. አዳምስ ከአንድ የቅርብ ተከታዩ ጋር አገሩን ለማየት ወደ ፍልስጤም ተጓዘ። ተመልሶም በስብከቱና በሚያሳትመው ጋዜጣ አየሩ የተስማማ፣ አፈሩ ለም፣ ገበያው ሰፊ እንደሆነ ተናገረ። በጃፋ የአሜሪካ ምክትል ቆንስል ሆኖ ያገለግል የነበረ ሰው የመሬት ግዢ ወኪላቸው እንዲሆን ተስማሙ።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ኋላ የተፈጠረው ችግር ግማሹ ከዚህ ይመነጫልና። በዚያን ጊዜ አገሩ በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበር። የውጭ ዜጎች በግዛቱ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስማቸው እንዲይዙ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የሕጉን ሁኔታዎች ተቀብሎ የፈረመው ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በ1866 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ መሬት «ገዛሁ» ቢል መሬቱ የሚመዘገበው በሌላ፣ የኦቶማን ተገዢ በሆነ ሰው ስም ነበር። ሰፋሪዎቹ ይህን ሳያውቁ ተሳፈሩ። በሌላ በኩል በውጭ ዜጎች መካከል የሚነሣ ክርክር የሚዳኘው በየአገራቸው ቆንስል ስለነበር፣ በመሬቱ ጉዳይ አቤት ለማለት የመጀመሪያው በር መሬቱን ያሻሻጠው ሰው ራሱ ነበር።

ገንዘቡ ደግሞ እንዲህ ነበር። ቤተሰቦቹ ቤትና መሬታቸውን ሸጠው አብዛኛውን ገንዘብ ለጋራ ሥራ በአዳምስ እጅ አስቀመጡ። ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ሌላ ሰው አልተመረጠም፤ የአመራር ጉባኤም አልነበረም። የገንዘቡ ጠባቂ፣ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ የውሉ ተዋዋይ፣ የቃለ እግዚአብሔሩ ተርጓሚ አንድ ሰው ነበር።

ወደቡና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ኔሊ ቻፒን የተባለችው ባለሦስት ምሰሶ መርከብ ነሐሴ 11 ቀን 1866 እ.ኤ.አ. ከጆንስፖርት ተነሥታ በ42 ቀን ጃፋ ደረሰች። በመርከቧ ሆድ ሰዎቹ በአገራቸው አስቀድመው ቆርጠው ያዘጋጁት የቤት እንጨት፣ ማረሻ፣ ጋሪና ዘር ተጭኗል። ኪራም ለሰሎሞን የሊባኖስን እንጨት በባሕር ወደ ኢዮጴ እንደሚያደርስለት ቃል መግባቱን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ እነዚህም ሰዎች እንጨታቸውን ወደዚያው ወደብ ሲያመጡ ያን ቃል ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም።

ጃፋ ስሟ የገነነ ብትሆንም ወደቧ ክፉ ነው። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ የድንጋይ ሰንሰለት ከውሃው ላይ ጥርሱን አውጥቶ ይታያል፤ በዓለቶቹ መካከል ያለው መግቢያ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ መርከብ አያሳልፍም። መርከቧ ከዓለቶቹ ውጭ መልሕቋን ትጥላለች፤ ሰውና ዕቃ በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል፤ ቀዛፊዎቹ ማዕበሉ ከፍ የሚልበትን ቅጽበት ጠብቀው ጀልባዋን በዓለቶቹ መካከል ያሳልፏታል። ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ መርከቦች ሳያራግፉ የሚያልፉበት ቀን ብዙ ነበር። ሰፋሪዎቹ ግን የባሕር ሰዎች ስለነበሩ ከባሕሩ በሰላም ወጡ። ያላወቁት የብሱን ነበር።

የሚገቡበት መሬት ተዘጋጅቶ አልጠበቃቸውም። በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ፣ በመቃብር ስፍራ አጠገብ፣ ድንኳን ተክለው ሰነበቱ። ከአንድ ዓመት በፊት በ1865 እ.ኤ.አ. የኮሌራ ወረርሽኝ አካባቢውን አዳርሶት ነበር። መስከረም በዚያ ዳርቻ ገና ሙቀቱ የማይበርድበት ወር ነው። ከሜይን ቅዝቃዜ የመጡ ሕፃናት በተቅማጥና በትኩሳት ይወድቁ ጀመር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በተከታታይ ቀብር ተፈጸመ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው የዝናብ ወራት ሳያልፍ የሟቾቹ ቁጥር ከአሥር በላይ ሆነ። ልጇን በአሸዋ ዳር የቀበረች እናት ከዚያ በኋላ የሚሰበክላትን የተስፋ ቃል እንዴት እንደሰማችው ለመገመት አይከብድም። የማኅበሩ አንድነት የተሰነጠቀው ገንዘቡ ሳያልቅ፣ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የት ነበር

ከብዙ ችግሮች መካከል ሦስቱን ለይቼ አቀርባለሁ፤ ሦስቱ ግን እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው።

የመጀመሪያው የእርሻው ነው። ሰፋሪዎቹ የሚያውቁት እርሻ በረዶ ሲቀልጥ የሚዘራበት፣ በሞቃቱ ወራት ዝናብ የሚያድግ ነው። በጃፋ ዙሪያ ዝናቡ የሚዘንበው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በሞቃቱ ወራት ጠብ የሚል የለም። በመስከረም መጨረሻ ደርሶ፣ በድንኳን እየኖሩ፣ በሽተኛ እያስታመሙ፣ የመሬቱ ጉዳይ ሳይጣራ፣ የዚያን ዓመት ዘር በወቅቱ መዝራት ከባድ ነበር። ተከራይተው ያረሱት ማሳም ያሰቡትን ምርት አልሰጣቸውም፤ ከምርቱም ላይ ለመንግሥት የሚከፈል አሥራት ነበረ። ከአሜሪካ ያመጡት ማረሻ ጥሩ ማረሻ ነበር፤ መቼና የት እንደሚታረስ የሚያውቀው ግን የአገሩ ገበሬ ነበር። ከእሱም ጋር የሚያግባባ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አንድ ቃል ለመለዋወጥ እንኳ አስተርጓሚ መቅጠር ነበረባቸው።

ሁለተኛው የሕጋዊነት ጥያቄ ነው። ከከተማዋ ቅጥር ውጭ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች ቁራሽ መሬት አግኝተው ቤት ቢሠሩም፣ ሊያርሱት ያሰቡት ሰፊ መሬት በእጃቸው አልገባም። የኦቶማን ባለሥልጣናትም ከነቤተሰቡ የሚሰፍር የውጭ ዜጋ ቡድን ሲመጣ በበጎ ዓይን አላዩትም።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ምግብ ሲያጥርና ሕመም ሲበረታ ሰዎቹ ያስቀመጡትን ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። የተሰጣቸው መልስ ሒሳብ ሳይሆን ስብከት ሆነ፤ የጠየቀ ሰው እምነቱ እንደጎደለ ተቆጠረ። በዚያ ላይ አዳምስ የመጠጥ ሰው መሆኑ እየታወቀ መጣ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን መሪውን ይደግፍ ነበር፤ ሌላው ገንዘባችን ይመለስ እያለ ወደ ቆንስሉ ይመላለስ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቅሬታ ያላቸው ሰፋሪዎች መጀመሪያ ያደረጉት በኢየሩሳሌም ለሚገኘው የአሜሪካ ቆንስል አቤቱታ ማቅረብ ነበር። ቆንስሉ ጉዳዩን መረመረ፤ በቤይሩት የነበረው ዋና ቆንስልም ገባበት፤ ወሬው በዋሽንግተን እስከ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ይህ ሁሉ ግን በደብዳቤና በመርከብ የሚሄድ ስለነበር ወራት ፈጀ። መሪው በበኩሉ ወደ አገር ቤት የሚልከው ዜና ሰፈራው እየለማ ነው የሚል ነበር፤ በመሆኑም ባለሥልጣናቱ ሁለት የሚጋጩ ታሪኮችን ያነቡ ነበር። ምርመራው ኃላፊነትን በጽሑፍ በመመዝገቡ ጠቀመ፤ ገንዘቡን ግን አላስመለሰም።

ሁለተኛው እርምጃ ቤት መሸጥ ነበር። በጃፋ ይኖር የነበረ አንድ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ፣ ነጋዴም የነበረ፣ ሰፋሪዎቹን በችግራቸው ረዳ፤ ከቤቶቹም የተወሰኑትን ገዛ። ቤቱን የሸጠ ሰው የጉዞውን ገንዘብ ያገኛል። ሦስተኛው እርምጃ መመለስ ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. ቤተሰቦች በየጊዜው በትናንሽ ቡድን ሆነው ሄዱ።

ትልቁ መውጣት የሆነው በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ኩዌከር ሲቲ የተባለች አሜሪካውያን ጎብኚዎችን የያዘች መርከብ ጃፋ ስትደርስ ወደ 40 የሚሆኑ ሰፋሪዎችን አሳፍራ እስክንድርያ አደረሰቻቸው። ከጎብኚዎቹ መካከል በኋላ በዓለም የታወቀው ጸሐፊ ማርክ ትዌይን ነበረ። እንደ ጻፈው ሰዎቹ በጉዞው ሁሉ በባሕር ሕመም ተይዘው በመርከቧ ወለል ላይ ተኝተው ነበር። ስለ ደረሰባቸው ነገር ሲጠየቁ መናገር አይፈልጉም፤ ከወጣቶቹ አንድ ሁለቱ ብቻ በብዙ ውትወታ ቁርጥራጭ ነገር ነገሩት። እስክንድርያ ሲደርሱ ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ሞዘስ ቢች፣ በሊቨርፑል በኩል ሜይን ለመድረስ ስንት እንደሚበቃ ጠየቀ፤ 1,500 ዶላር ሲባል ቼክ ጽፎ ሰጠ። ለአንድ ዓመት በደብዳቤ ያልተፈታው ጉዳይ በአንድ ቀን ተፈታ።

አዳምስ ራሱ በ1868 እ.ኤ.አ. ጃፋን ለቆ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ተመልሶ በ1880 እ.ኤ.አ. ሞተ።

የሠራው ነገር

ጉዳዩን በሙሉ ውድቀት ብሎ መዝጋት ለሰዎቹ ፍትሕ መንፈግ ነው። በደንብ የሠራው ነገር እነሱ የሚያውቁት ሙያ ነው። ተቆርጦ የመጣው እንጨት በጥቂት ወራት ውስጥ ቤት ሆነ። ድንኳን ውስጥ ሕመም እያደከማቸው፣ በባዕድ አገር፣ እንጨት ቤት በማይሠራበት የድንጋይ ከተማ አጠገብ፣ ልክ በአገራቸው እንደሚሠሩት አድርገው አንድ ትንሽ መንደር አቆሙ።

ከቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች መካከል ኑሮ የቀናቸው ከትንቢቱ ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ይዘው ገበያውን ያዩት ናቸው። ከጃፋ ወደ ኢየሩሳሌም ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ1860ዎቹ መጨረሻ ለጋሪ እንዲሆን ተስተካከለ። ከሰፋሪዎቹ አንዱ በዚያ መንገድ በሠረገላ ሰው ማመላለስ ጀመረ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ በኋላም በቅድስት ምድር ስሙ የተጠራ አስጎብኚ ሆነ፤ ቶማስ ኩክን ለመሰለ ትልቅ የጉዞ ድርጅትም ሠራ። አብሮት የመጣው ማኅበር ከፈረሰ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ በዚያው አገር ኖረ። አገሩ የጎደለው ማጓጓዣ ነበር፤ የሜይን ሰው ጋሪ መሥራትና ፈረስ መንዳት ያውቃል። ከመነሻው «እዚያ የጎደለው ምንድን ነው፣ እኛስ የምናውቀው የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር ዕቅዱ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ከእነሱ በኋላ የመጡት

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ንጽጽር እዚያው መንደር ውስጥ ይገኛል። በ1869 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ቩርተምበርግ የመጡ፣ ቴምፕለር የተባሉ የሌላ ሃይማኖታዊ ማኅበር አባላት የሜይኖቹን ቤቶች ከሚስዮናዊው ገዝተው ገቡ። እምነታቸውም ከሜይኖቹ እምነት እጅግ የራቀ አልነበረም፤ እነሱም የእግዚአብሔርን ሕዝብ በቅድስት ምድር ለመሰብሰብ የመጡ ነበሩ። ወደቡ ያው ነው፤ ወባው ያው ነው፤ ዝናቡም የሚጥልበት ወር ያው ነው። የእነሱ ሰፈራ ግን ጸንቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ፤ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴልና ወፍጮ ነበረው።

ልዩነቱ ዕድል ብቻ አልነበረም። ቴምፕለሮቹም ሞትን ቀምሰዋል፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ከናዝሬት አቅራቢያ ለመስፈር የሞከረ ትንሽ ቡድናቸው አብዛኛው በወባ አልቋል። ያ ግን የጥቂቶች ሙከራ ስለነበር ማኅበሩን ሙሉውን አላጠፋም፤ የተረፈው ትምህርት ተይዞ ቀጣዮቹ ወደ ሃይፋና ወደ ጃፋ መጡ፤ በ1871 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጃፋ ወጣ ብሎ የእርሻ መንደራቸውን ሳሮናን ተከሉ። በሳሮናም ብዙ ሰው በወባ ሞቶባቸዋል። ነገር ግን በአገር ቤት የሚደግፋቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ከአንድ በላይ መሪ ነበራቸው፤ መሪዎቹ ቢጣሉም ሥራው አልቆመም። ሙያተኞቻቸው ከከተማው ገበያ አጠገብ ሰፍረው ገንዘብ ሲያገኙ፣ ገበሬዎቻቸው የአገሩን አፈር እስኪለምዱ ጊዜ አገኙ።

ለሌላ የሚተርፈው

በሰፈር ዕቁብ እንኳ ዳኛውና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን የምናደርገው ዳኛውን ስለማናምን አይደለም። ከሜይን የመጡት ሰዎች ከዕቁብ እጅግ የሚበልጥ ነገር፣ ማለትም የቤታቸውን ዋጋ፣ ለአንድ ሰው ሲሰጡ ጸሐፊ አልመረጡም። አዳምስ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ይህ አሠራር ለጥፋት የቀረበ ነበር፤ ቢታመም፣ ቢሞት፣ ቢሳሳት ሒሳቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የመንፈሳዊ ሥልጣንና የገንዘብ ሥልጣን በአንድ እጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨመራል፤ ሒሳብ መጠየቅ ክህደት ይመስላል። በሃይማኖት ማኅበር ገንዘብ ያዡ ከሰባኪው የተለየ፣ በጽሑፍ ሪፖርት የሚያቀርብ፣ የማኅበሩ ጉባኤ ሊሽረው የሚችል ሰው እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

አገር ለማየት የሚላከውም ሰው ውሳኔውን ቀድሞ ያልወሰነ መሆን አለበት። በ1865 እ.ኤ.አ. የሄዱት ሁለቱ ሰዎች ዕቅዱን ያፈለቀው ሰውና የቅርብ ተከታዩ ናቸው። አንድ የሚጠራጠር ገበሬ፣ አንድ አናጺና አንዲት እናት ተጨምረው ቢላኩና አንድ ሙሉ ዓመት ቢቀመጡ ዝናቡ መቼ እንደሚዘንብ፣ መሬት በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ሕፃናት በየትኛው ወር እንደሚታመሙ ይዘው ይመለሱ ነበር። ቴምፕለሮቹ ያን ዕውቀት ያገኙት በብዙ ሞት ነው። ሜይኖቹ ግን ሁሉም በአንድ መርከብ ስለመጡ ስህተቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መታቸው።

የመሬትን ውል በተመለከተ የምለው አጭር ነው። የሻጩ ወኪል፣ የገዢው አማካሪና የክርክሩ ዳኛ አንድ ሰው ከሆነ አለመፈረም ይሻላል።

ከዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመመለሻ ገንዘብ ነው። 1,500 ዶላር 40 ሰው ለማዳን በቃ። ከመነሻው ያን ያህል ገንዘብ ማንም በማይነካው ቦታ ተቀምጦ ቢሆን፣ መመለስ የፈለገ በመጀመሪያው ወር ይመለስ ነበር፤ መቆየት የፈለገም በነጻ ፈቃዱ በመቆየቱ ማኅበሩ ያነሰ ግን የጸና ይሆን ነበር። መመለሻ የሌለው ሰው የሚጸናው በእምነት ይሁን በእስር ራሱም አያውቀውም።

በመጨረሻም የዝምታው ነገር አለ። በመርከቧ ላይ የተኙት ሰዎች ያልተናገሩት ስላፈሩ ነው። በአገራቸው ፊት ሁሉን ሸጠው፣ ተዘባበቱብን ባሏቸው ጎረቤቶች ፊት ተሰናብተው ነበር የሄዱት። ቀደም ብለው የተመለሱት በግልጽ ተናግረው ቢሆን፣ ገና በጃፋ የሚሠቃዩት ዘመዶቻቸው እርዳታ ፈጥኖ ይደርሳቸው ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር የተጎዳን ሰው «ነግረንህ አልነበረም ወይ?» ብሎ የሚቀበል ማኅበረሰብ የሚቀጥለውን ሰው አፍ ይዘጋል። ተመላሹን ሳይወቅሱ መቀበል ደግነት ብቻ ሳይሆን መረጃ ማግኛም ነው።

ቤቶቹ

ከሜይን እንጨት የተሠሩት ቤቶች ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመዋል። ግድግዳቸው አንዱ ሳንቃ የሌላውን ጫፍ እየሸፈነ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተመታ ነው፤ ውሃ እንዳይሰርግ ለሰሜን አትላንቲክ ውርጭ የታሰበ አሠራር ነው። በአሸዋማ ድንጋይ በተሠሩ ቤቶች መካከል ስለቆሙ ከሩቅ ይለያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ታድሶ ታሪኩ የሚነገርበት ሙዚየም ሆኗል። አጠገቡ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ለእኛ ይህ መንደር ሌላ ትዝታም አለው። ሜይኖቹ ጃፋ በወረዱበት ዓመት ሞሪትስ ሃል የተባለ፣ ከፖላንድ አይሁድ የተወለደ ሰው በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሚሠሩት አውሮፓውያን ጋር ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከኤድዋርድ ዛንደርና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱ ናቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ልትወድቅ ስትል እዚያው አምባው ላይ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ስሟንም መግደሌና አሏት። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ በጃፋ፣ በዚሁ ሜይኖቹ በተዉትና ጀርመኖቹ በያዙት ሰፈር ተቀመጠ። መግደሌና አድጋ በሰፈሩ ውስጥ ሆቴል ዱ ፓርክ የተባለውን ቤት የያዘውን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች፤ በ1898 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ዳግማዊ ጃፋ ሲመጡ ያደሩት በዚያ ሆቴል ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. በጃፋ ለወለደችው ልጇ ያወጣችለት ስም ዮና ነበር፤ የዮና ልጅ ደግሞ ተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።